ባሌ «እሺ በይ» የሚለው መኪናዋን ነው

ጤና ይስጥልኝ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሌ ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ደመወዙን ቆጥሮ ያስረክበኛል። ችግራችን አንድ ነው፤ መኪናችን።

ከሁለት ዓመት በፊት የገዛናት አሮጌ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ጠዋት ባሌ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት መሪዋን ዳሰስ ያደርግና «እሺ በይ የኔ እናት» ይላታል። እሷ ክርርር… ክርር… ትልና ጭጭ። የሰፈሩ ልጆች ስም አውጥተውላታል፤ «እሺ በይ» ነው የሚሏት። ድምጿን ሲሰሙ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን እንዳዘሉ እየሮጡ ይመጣሉ። እኔና እነሱ ከኋላ እንገፋለን። ስትነሳ ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ከቆመች ትጠፋለች። ስለዚህ እየሮጥኩ ዘልዬ መግባት አለብኝ። ታኮ ጫማ ካደረግሁ ዓመት አልፎኛል።

ወደ ግራ ፍሬቻ ሲያበራ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። ስንደርስ ባሌ ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ ይከፍትልኛል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች «ታድለሽ! በር የሚከፍት ባል!» ይሉኛል።

የእህቴ መልስ ዕለት የሆነውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ድግሱ ሳሪስ ወላጆቼ ቤት ነበር። ሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ጭኔ ላይ አድርጌ ወጣን። ቃሊቲ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ባሌ ሱፉን እንደለበሰ ለድግሱ የገዛነውን የታሸገ ውሃ አሥራ ሁለቱንም ጠርሙስ ራዲያተሩ ውስጥ ጨረሰው። አልሆነም። በመጨረሻ አሸዋ የጫነ የሲኖ ሹፌር አዘነልን። መልሱ ላይ የደረስኩት ከነድስቴ በሲኖ ነው። ያን ቀን ከሙሽሮቹ ይልቅ በስልክ የተቀረጽኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። አምና ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ምጥ ያዛት። በስልክ ከጠራናቸው ታክሲዎች አንዱም እሺ አላለም። ያን ሌሊት መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ልጁም በሰላም ተወለደ። ከዚያ ወዲህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ባሌ «ያን ሌሊት ረሳሽው?» ይለኛል።

አሁን ዕቁብ ወጥቶልናል፤ 180,000 ብር። ባሌ «መካኒኩ ሞተር ይውረድ፣ 180,000 ይበቃል ብሏል» አለኝ። እኔ ደግሞ እንሽጣትና ብሩ ለልጆቹ ትምህርት ይቀመጥ ባይ ነኝ። ከሦስት ቀን በፊት ስንገፋ ትዕግሥቴ አለቀና «ወይ እኔን ወይ እሷን ምረጥ!» ብዬ ጮኽኩ። ከየበረንዳው ተሳቀ። ባሌ አልሳቀም። ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከ«ደህና አደርሽ» ሌላ አያናግረኝም።

ሁለታችንም ያደግነው መኪና በሌለበት ቤት ነው። መኪና ሲኖረን እንዲህ እንጣላለን ብዬ አላሰብኩም። እንሽጣት ወይስ እናሠራት? ከሁሉ በፊት ግን እንዴት ላናግረው?

ገፊዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

*

ውድ እህቴ፣

ከነድስትሽ በሲኖ መድረስሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አለኝ፤ አንቺም ስትጽፊው ፈገግ ያልሽ ይመስለኛል። ሳቄ የቆመው ወደ መጨረሻ ስደርስ ነው። «ባሌ አልሳቀም። ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ» ያልሽው ላይ። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እስቲ ያን ጠዋት ከእሱ ወንበር ሆነሽ እዪው። በየቀኑ፣ ከየበረንዳው ሰው እያየው፣ መኪናው እምቢ ትለዋለች። እሱ መሪ ይዞ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ከኋላ ትገፋለች። ቀላል ነገር አይደለም። አንቺም ታፍሪያለሽ። የሥራ ልብስ ለብሶ መኪና መግፋት ያሳፍራል፣ ያደክማልም። እንግዲህ ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ነገር ስታፍሩ ከርማችኋል ማለት ነው። ይህን ግን አንዳችሁ ለሌላችሁ የተናገራችሁ አይመስለኝም። ከደብዳቤሽ የገመትኩት ስለሆነ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። እሱ «እሺ በይ የኔ እናት» እያለ ያልፈዋል። አንቺ ዝም ብለሽ ስትገፊ ቆየሽና አንድ ቀን ገነፈልሽ።

ስለዚህ ይቅርታው ይቅደም። ሐሳብሽን ለውጪ ማለቴ አይደለም። ይቅርታ የምትጠይቂው ሰው ፊት ስለተናገርሽው ብቻ ነው። «መኪናዋን በተመለከተ የራሴ ሐሳብ አለኝ፣ በኋላ እንነጋገራለን። ሰው ፊት እንደዚያ ማለቴ ግን ልክ አልነበረም» በይው። አጭር ይሁን። «ግን እኮ አንተም…» የሚል ነገር አትቀጥይበት። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ልታደርጊው ትችያለሽ። የሽያጩንና የዕቁቡን ወሬ ግን ዛሬ አታንሺው። እሁድ ከቡና በኋላ ይድረስ። መኪናዋ አጠገብ አይሁን፤ ጠዋትም አይሁን።

እሁድን የማይጠብቅ አንድ ጉዳይ ግን አለ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገርሽ። ልጆቹ ከነገ ጀምሮ መግፋት ያቁሙ። ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ለእነሱ የጠዋት ጨዋታቸው ነው። ነገር ግን መኪና ከቆመበት ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ከኋላ የሚመጣ ሚኒባስ ደግሞ ጎንበስ ያለ ሕፃን ላያይ ይችላል። አንቺም በምትሄድ መኪና ላይ ዘለሽ መግባትሽን አቁሚ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያዳልጥሽ በቂ ነው። ሌላም ልጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ መኪናዋን ቁልቁል የምትለቋት ከሆነ ፍሬኗ እንደወትሮው አይታዘዝም። ፔዳሉን የሚያቀልለው ኃይል ከሞተሩ ነው የሚመጣው። ሞተሩ ከጠፋ አንድ ሁለቴ ሲረገጥ ይደነድናል። ባልሽ ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢሆንም ከአንቺ ቢሰማው አይከፋም። መኪናዋ እስክትታይ ድረስ ሁለት ሳምንትም ቢሆን በታክሲ ሂዱ። የጠዋቱን ሰልፍ አውቀዋለሁ፣ ያስመርራል። ግን ይህንን ለክርክር አልተውልሽም።

አሁን ወደ 180,000 ብሩ እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመካኒኩ ግምት ከዕቁባችሁ ጋር ብር በብር እኩል መሆኑ አላማረኝም። ሰውየውን ሌባ እያልኩ አይደለም። ምናልባት ባልሽ «ይህን ያህል አለን» ብሎት ይሆናል፤ እሱም በዚያው ልክ ገምቶለት ይሆናል። ብቻ የጻፍሽልኝ ምልክት ሁሉ «ሞተር ይውረድ» የሚያሰኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

አስቢው እስቲ። መኪናዋ ስትገፋ ትነሳለች። ሞተሩ በራሱ የሞተ ቢሆን ኖሮ የሰፈር ልጆችና አንዲት እናት ገፍተው ባላስነሱት። ተገፍቶ የሚነሳ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሚያዞረው ነገር ላይ ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮ ገመዱን እየከለከለው ይሆናል። ወይ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ አርጅቷል፣ ወይ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ አይሞላም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ሲጨመርበት ደካማ ባትሪ ጭራሽ እጁን ይሰጣል። ይህን ለመለየት ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ በደቂቃዎች ያየዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ካላለ ዲናሞው ይጠየቅ። የፍሬቻውና የመጥረጊያው ነገርም ሽቦ ላልቶ ወይም ተቀላቅሎ እንጂ ሌላ አይመስለኝም። እዚያው በዚያው ይታይላችሁ፤ ልቅ ሽቦ እሳት ያመጣል።

የቃሊቲው እንፋሎት ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። ራዲያተር የሚከደነው አየር አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ነው። የክዳኑ ጎማ ከላላ፣ ውሃ የሚያፈስ ቦታ ካለ፣ ማራገቢያው ካልሠራ ወይም የውሃውን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ከተጣበቀ መኪና ይፈላል። ክዳን ደግሞ ከሞተር ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ነው። አደራ፣ ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳኑን ማንም አይክፈተው፤ ፊት ያቃጥላል። ባልሽ ያን ቀን በሱፍ ተርፏል፣ ተመስገን ነው።

መኪናዋ ደጋግማ ከፈላች ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ እንደሆነ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ይታይ። የሞተሩ እመቃም ይለካ። ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ ደክሟል ከተባለ ያኔ መካኒካችሁ ልክ ነበር ማለት ነው፤ እኔም እቀበላለሁ። እኔ የምለው ሳይለካ አይውረድ ነው። ለዚህ ደግሞ ሌላ ጋራዥ ውሰዷት። የሚያያት ሰው «ለማየት ብቻ እከፍልሃለሁ፣ ሥራውን አንተ አትሠራውም» ተብሎ ከመጀመሪያው ይነገረው። እንዲህ ሲሆን የሚያየው ጉድለቱን ብቻ ይሆናል። ዕቃ የሚቀየር ከሆነም አሮጌውን ተቀበሉ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ባልሽ አብሮ ሄዶ ራሱ ይምረጥ።

ስለዚያ ሌሊት ልናገር። «ያን ሌሊት ረሳሽው?» ሲልሽ የሚያናድድሽ ይመስለኛል፤ ወሬውን ስለሚዘጋብሽ። እስቲ በዚህ ጊዜ እሱ ሳያነሳው አንቺ አንሺው። «ያን ሌሊት አልረሳሁም። በዚያ ዝናብ ስትወጣ ኮርቼብህ ነበር» በይው። ኮርተሽ ነበር አይደል? ከሆነ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ዳር ላይ ለሚኖር ሰው መኪና ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ታክሲ እሺ በማይልበት ሰፈር፣ በር ላይ የቆመች መኪና ለፎቁ ሁሉ መተማመኛ ናት። ባልሽ ይህን ይዞ ነው የሚከራከርሽ፤ ሐሰትም አይደለም። የልቡን ከሰማሽለት በኋላ ግን ቀስ ብለሽ ጠይቂው። «ጠዋት ጠዋት እኮ ሳትገፋ አትነሳም። ያን ሌሊት እምቢ ብትል ምን እናደርግ ነበር?» መልሱን አትንገሪው፤ እሱ ያስብበት። ለማንኛውም የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር። ከብሎካችሁ መኪና ያላቸውን የሁለት ሰዎች ቁጥርም ያዙ።

ሌላ ጥያቄም አለኝ፣ ይህኛው ለአንቺ ነው። «ሁለታችንም ያደግነው መኪና በሌለበት ቤት ነው» ብለሽ አልፈሻል። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። መኪናዋን የገዛችሁ ዕለት እንዴት ነበር? ማን ቤት ወሰዳችኋት? አባቱ ወይ እናቱ አይተዋታል? ይህን ጠይቂው፤ ለመከራከር ሳይሆን ለመስማት። አንድ ሰው አሮጌ ብረት «የኔ እናት» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ካወቅሽ «እንሽጣት» ስትዪው ምን እንሽጥ እያልሽው እንደሆነም ታውቂያለሽ። ምናልባት ያው ትሸጡ ይሆናል። የምትነግሪበት ቃል ግን ይለያል።

ለመሸጥ ደግሞ አትቸኩሉ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አንዴ ከሸጣችሁ ተመሳሳይዋን መልሶ መግዛት ቀላል አይሆንላችሁም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ቤተሰብ የት ቻርጅ ይደረጋል የሚል ሌላ ጥያቄ አለው። በሌላ በኩል ጤነኛ ባትሪ የገባላትና የማትፈላ መኪና እንደዛሬዋ እየተገፋች ከምትታይ መኪና የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። እንደምታዪው ቢሸጥም ባይሸጥም የመጀመሪያው እርምጃ ያው ምርመራው ነው። በዚህ ከባልሽ ጋር የምትጣሉበት ምክንያት የለም።

ዕቁቡን በተመለከተ ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ከብሩ የልጆቹን ድርሻ አስቀድማችሁ አውጡና ባንክ አስገቡ። ስንት እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ለመኪናዋ የሚቀረው ጣሪያ ይኑረው። ጣሪያውን የሚናገረው ባልሽ ይሁን። «በዚህ ዓመት ስንት ብትጨርስ በቃኝ ትላለህ?» በይው። ራሱ የጠራውን ቁጥር ያከብረዋል፤ አንቺ የጠራሽውን ግን ይከራከርበታል። ቁጥሩ ከፍ ቢልብሽም በመጀመሪያው ቀን አትሟገቺው። ከዚያ አንድ ደብተር ግዙና ዳሽቦርዷ ውስጥ አኑሩ። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎሚስታ፣ ጋራዥ፣ ቦሎ፣ ሁሉም ይጻፍ። የተቆጠበውም ይጻፍ፤ በታክሲ ብትሄዱ ኖሮ የምታወጡት ማለቴ ነው። ሁለታችሁም ጻፉበት። አንቺ ብቻ ከጻፍሽው የክስ መዝገብ ይሆንበታል። እናንተ ዛሬ የምትከራከሩት በግምት ነው። አንቺ «ስንት በላችን» ትያለሽ፣ እሱ «ስንት ጠቀመችን» ይላል፤ የቆጠረ ግን ማንም የለም። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ብትቀመጡ ወሬው አጭር ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ያኔ እሱ ራሱ «እንሽጣት» ሊል ይችላል። አንቺም «ትቆይ» ልትዪ ትችያለሽ።

ባይስማማስ? ምርመራውንም፣ ጣሪያውንም፣ ደብተሩንም እምቢ ቢልስ? ያኔ ችግሩ ከመኪናዋ ያለፈ ነው፤ እንደገና ጻፊልኝ። ቆጥሮ የሚያስረክብሽ ባል በቀላሉ እዚያ የሚደርስ ግን አይመስለኝም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ በርሽን። ከውስጥ የማይከፈት በር አደጋ ቢደርስ ያፍናል፤ ይህን በቀልድ አትለፉት። እጀታ ማስጠገን ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዕቁቡ መጀመሪያ የሚወጣው ብር ለእሱ ይሁን፤ ባልሽን «ለእኔ ብለህ አሠራልኝ» በይው። ከተሠራ በኋላም መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ስትደርሱ እሱ ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ ሊከፍትልሽ ከፈለገ፣ ተቀምጠሽ ጠብቂው።